አንሺኝ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1። ጠዋት 12፡40። ቃሊቲ መናኸሪያ።

ጉም። ከቱሉ ዲምቱ እስከዚህ ድረስ ታክሲያችን መንገዱን በዳበሳ ነው የመጣው። ደርሻለሁ ግን። እንደ ሁልጊዜው ጥጌ ላይ፣ የዲላ አውቶቡስ ፊት ለፊት። ካሜራዬ አንገቴ ላይ፣ አንተ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣ ሻዬ ድንጋዩ ላይ።

የዛሬ ተጓዦች፦ ዳቦ የሞላበት አዲስ ሳፋ የታቀፈች ሴት። ትራስ ብቻ ይዞ የመጣ ሰውዬ (ሻንጣ የለ፣ ፌስታል የለ፣ ትራስ ብቻ!)። ጫማቸውን አውልቀው ከበሩ ውጭ የሚያራግፉ፣ መምህር የሚመስሉ ሽማግሌ። ሦስቱንም አነሳኋቸው። ሽማግሌው አላዩኝም። ባለ ትራሱ አይቶኝ ትራሱን ፊቱ ላይ አደረገ። ጎሽ፣ ያ ነው የበለጠው ፎቶ።

አሁን አውቶቡሱ ይወጣል፤ እኔም አብሬ እወጣለሁ። ደንቡን ታውቃለህ። አካል እዚህ ይቀራል፣ ሻዩ እስኪያልቅ ሐሳብ መስኮት ዳር ይቀመጣል። ዱከም፣ ሞጆ፣ ዝዋይ... ዛሬ ሻዩ ቀዝቅዞ ስለነበር ቶሎ ቶሎ ጠጣሁት። ሻሸመኔ ሳልደርስ አለቀ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። የሄድኩበት ሩቅ አገር ሐዋሳ። ያውም ለለቅሶ። ሐይቁን በሰው ትከሻ አሻግሬ ለአንድ ደቂቃ አየሁት፣ በዚያው ቀን ተመለስን። እሱም ጉዞ ከተባለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ምሳ ሰዓት። መ/ቤት።

የመጋዘኑ በር ላይ እስካሁን አሥራ ዘጠኝ መኪና መዝግቤያለሁ። ታርጋ፣ ከየት፣ ወዴት። እኔ የምወደው “ከየት” የሚለውን ነው። ሹፌሮቹ ሳይነግሩኝ ከጎማው አፈር እገምታለሁ። ዛሬ አንዱን ከወላይታ ነህ አልኩት፣ ደነገጠ። ጎማህ ላይ አገርህን ይዘህ መጥተሃል አልኩት። ፎቶ አነሳሁለት፣ ለጎማው። አለቃ ሲመጣ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

ገነት ወንበሯን እየጎተተች መጣች። (ገነት እቃ መዝገብ ላይ ናት፣ ጠረጴዛዋ ከኔ ጋር ይነካካል፣ አፏም እንደዚያው።) ስልኳ ላይ አንድ ማስታወቂያ። የፎቶ ማኅበር ነው። ሦስት ሰው መርጦ አሥራ ሁለት ቀን ይዞ ይዞራል፦ አዋሽ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅጅጋ። የሚፈልጉት አንድ ፎቶ ብቻ፣ ከመንገድ ላይ የተነሳ። ፎቶው ላይ ያለው ሰው የፈረመበት የፈቃድ ወረቀት ይያያዛል። መጨረሻው ዓርብ፣ ጥቅምት 21።

ይሄ ያንቺ ነው አለችኝ። ኧረ ተይኝ አልኳት። ስትሄድ አምስት ጊዜ አነበብኩት። አሥራ ሁለት ቀን! አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ በሐሳብ ሳይሆን በቂጥ መቀመጥ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9። ረፋድ 5 ሰዓት። ቤት።

ደብተሬ! አገኘሁት! እየተቻኮልኩ ነው፣ ጽሑፌን ቻለው።

ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ዝቅ ብዬ በእግሬ ስሄድ ነበር። የመሻገሪያው ድልድይ ጥላ አስፋልቱ ላይ ተጋድሟል። ጥላው የሚያልቅበት ጋ፣ የመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አንዲት አሮጊት ቁጭ ብለዋል። ነጠላቸው ግማሽ ፊታቸውን ሸፍኗል። አጠገባቸው ድንች የያዘ ፌስታል። ከዘራቸው ራቅ ብሎ ወድቋል። ከኋላቸው ከባድ መኪና ያልፋል፣ ያስነሳው አቧራ በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ቀስ እያለ ይወርዳል። ድምፅ ሁሉ የጠፋ መሰለኝ።

ቀና ብለው አዩኝ። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

“አንሺኝ፣ ልጄ።”

በስንት ዓመቴ! ማን ፈቀደልሽ ያለኝ አለ። ፊቱን በጋዜጣ የሸፈነብኝ አለ። ድንጋይ ያነሳብኝም አለ (እሱንም አንስቼዋለሁ፣ ብዥ ብሏል)። አንሺኝ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ተንበረከክሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እጃቸውን አላወረዱም። አንሺኝ እንጂ! አሉ፣ ጠንከር አድርገው። እሺ እማማ ብዬ አንድ ጨመርኩላቸው። ከዚያ አነሳሁዎት፣ በጣም ያምራሉ ብዬ አሳየኋቸው። ፎቶውን አዩ። እኔን አዩ። ደስ ብሏቸው ነው አልኩ። ወዲያው ታክሲ መጣ፣ “አንድ ሰው!” ሲል ሮጬ ገባሁ።

አራተኛው ነው ፎቶው። እጁ ወደኔ ይመጣል፣ ሊነካኝ ምንም አልቀረው። ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ዓይኔ ውስጥ። ሐረር ገባሁ በለው።

ፊርማ አልተቀበልኩም። ስማቸውንም አልጠየቅሁ። ምን ዓይነት ጅል ነኝ። ይሁን፣ ቃሊቲ የት ይሄዳል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ምሳ ሰዓት። መ/ቤት።

ፎቶውን በኮምፒውተሩ ላይ አስፍቼ ለገነት አሳየኋት። ዝም ብላ አየች። ገነት ዝም! ድል ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ምነው አታነሻቸውም ነበር? አለችኝ።

አነሳኋቸው እኮ፣ ይኸው አልኳት። ራሳቸው ናቸው ያሉኝ፣ አንሺኝ፣ ልጄ ብለው። ገነት እኔን አየች፣ ፎቶውን አየች፣ እንደገና እኔን። ከዘራቸው ወድቋል እኮ፣ እጃቸውን ዘርግተውልሻል እኮ አለች። መጀመሪያ ሳቀች። ጠረጴዛውን እየደበደበች ሳቀች። ፊቴን ስታይ ተወችው።

አንሺኝ።

ወይኔ። ወይኔ ጉዴ። ከወደቁበት አንሺኝ ነው ያሉኝ። ሁለት ጊዜ! እኔ ፊታቸው ተንበርክኬ አራት ፎቶ። “አነሳሁዎት” አልኳቸው እኮ! አነሳሁዎት ብዬ መሬት ላይ ጥያቸው ታክሲ ገባሁ! መሬት አትከፈትም ነበር?

ከሰዓት በኋላ ስንት መኪና እንደገባ አላውቅም። ሁሉም ከአንድ ቦታ የመጣ ነው የሚመስለኝ።

አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም አትንገር። ፎቶው አሁንም ያምራል። እንዲያውም ዛሬ ይበልጥ ያምራል። ለምን እንደሚያምር ማወቄ ነው ያናደደኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። 9 ሰዓት። በሩ ላይ።

የፈቃድ ወረቀቱን አተምኩት። ስም። ፊርማ ወይም የጣት አሻራ።

ገነት ምክር አላት፣ መቼም ምክር አይቸግራትም። አውራ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ አትሚበት፣ የአሮጊት ጣት ነው ብሎ ማን ሊመረምር ነው አለች። ሂጂ ከዚህ አልኳት። ሄደች። የማኅተሙን ቀለም ሳብኩና አውራ ጣቴን ቁራጭ ወረቀት ላይ አተምኩ። ለሙከራ ነው። ክብ፣ የተሸበሸበ። የማንም ጣት ይመስላል።

ቁራጯን ወረቀት አልጣልኳትም። ከፈቃድ ወረቀቱ ጋር አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ናት።

ሞቅ ያለ ፀሐይ። ዓይኔ ገርበብ። አዋሽ ድልድይ ላይ ቆሜያለሁ፣ ከታች ውሃው ቡናማ፣ ንፋሱ ጨው ጨው ይላል። አንድ ሹፌር ጠራኝ። ለካ “ወዴት” በሚለው ላይ ድሬዳዋ ብዬ ጽፌለታለሁ፣ ሰውዬው አዳማ ነው የሚሄደው። እህቴ፣ እኔስ ደስ ባለኝ፣ ናፍጣው አይበቃኝም እንጂ ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ረፋድ 4 ሰዓት።

መናኸሪያ አልሄድኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ። ድልድዩ ጋ ቆምኩ፣ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ አድርጌ። አንገቴ ቀለለኝ፣ ግን ራቁቴን የቆምኩ መሰለኝ።

ሸንኮራ የምትሸጥ አንዲት ሴት ፎቶውን ሳሳያት ወዲያው አወቀቻቸው። እማማ ጫልቱ። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሦስተኛ ፎቅ። እሑድ እሑድ ጠዋት ልጃቸውን ሊጠይቁ ወዲህ ይመጣሉ፣ ከሰዓት ቤታቸው ናቸው። ባለፈው ወድቀው እኮ ነበር አለች፣ አንዷ ፎቶ አንሥታቸው ሄደች፣ ሰው እንዲህ ሆኗል። አዎ፣ ሰው እንዲህ ሆኗል አልኳት። ሸንኮራ ገዛሁ። አላኘክሁትም።

ነገ እሄዳለሁ። ፈርቻለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16። ከሰዓት 10 ሰዓት። ገላን፣ የታክሲ ወረፋ ላይ።

ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ገና ሳያስገቡኝ፣ “ያቺ የካሜራዋ!” አሉ። እዚያው በሩ ላይ ጀመርኩ፦ እማማ፣ አልገባኝም ነበር፣ አንሺኝ ሲሉኝ በካሜራ መስሎኝ ነው፣ በእግዚአብሔር ይማሩኝ።

ትንሽ አሰቡት። ከዚያ ሳቅ። ግድግዳ ይዘው ሳቅ። እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፦ “አነሳሁዎት ትይኛለሽ፣ እኔ ቂጤ መሬት ላይ ነው!” ጤናዋ የተቃወሰ ልጅ ናት ብለው አዝነውልኝ ነበር፣ ለኔ! ከሰል የተሸከመ ሰው ጆንያውን አውርዶ ነው ያነሳቸው። እጁ ጥቁር ስለነበረ ነጠላቸው ላይ አምስቱም ጣቱ ቀርቷል። አጥበው አጥበው አልለቀቀም፣ አሳዩኝ። እኔም ሳቅሁ። እዚህ ድረስ ጥሩ ነበር፣ ደብተሬ።

ከዚያ ያሳተምኩትን ትልቁን ፎቶ ሰጠኋቸው። መስኮቱ ጋ ወስደው አዩት። ሳቁ ከፊታቸው ሄደ። ይሄን ማን ያየዋል? አሉኝ። ብዙ ሰው፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል አልኩ። ስለ ጉዞውም ነገርኳቸው፣ አሥራ ሁለቱን ቀን፣ ድሬዳዋን፣ ሐረርን። እንደ ሕፃን ነው የነገርኳቸው።

እምቢ አሉ። በቁጣ አይደለም። ሰባት ልጅ በዚህ እጅ አሳድገዋል፣ አርመዋል፣ አጭደዋል፣ ለማንም ዘርግተውት አያውቁም። ያን ቀን ለመነሳት ነው የዘረጉት። ፎቶው ላይ ግን የልመና እጅ ነው። “ልጆቼ ቢያዩት እናታችን ለማኝ ሆነች ይላሉ። ላንቺ ይቀመጥ፣ ኢንታላ ኮ። ለሰው አይታይ።” ኢንታላ ኮ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። ልጄ እያሉ ሲከለክሉኝ ምን ብዬ ልከራከር? ብርሃኑ ግሩም ነው እኮ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ዘጋሁት።

ሻይ አፈሉልኝ። መነሳት ብርቃቸው አይደለም። እዚህ ሰፈር ፎቅ ከመምጣቱ በፊት ማሳቸው እዚህ ነበር፣ በኋላ ተነሺ ተብለው ተነሱ። አንዴ ከመሬቴ ተነሳሁ፣ አንዴ ከአስፋልት፣ አንዴ በፎቶ፣ ምን ቀረኝ ብለው እንደገና ሳቁ። ቀጥለውም ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ቱሉ ዲምቱ አልኳቸው። ትርጉሙን ታውቂያለሽ? አላውቅም። አራት ዓመት ኖሬበት! ቀይ ኮረብታ ነው አሉኝ፣ አንቺ የታክሲ ፌርማታ መስሎሽ ነዋ።

ከኮረብታው ላይ የድሮ ማሳቸው ሁሉ ይታይ ነበር። ጉልበታቸው እምቢ ካለ ወዲህ አልወጡም፣ የሚደግፋቸው ጠፋ። እኔ አለሁ አልኩ፣ ሳላስብ። ለቅዳሜ ተቃጠርን።

ስወጣ ደረጃው ላይ ጠሩኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መናኸሪያ ቁጭ እላለሁ አልሽኝ አይደል? አዎ። አውቶቡሱ በሩ ክፍት ነው? ክፍት ነው። ታዲያ ለምን አትገቢም?

እዚህ ወረፋ ላይ ሁለት ታክሲ አሳለፍኩ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። 10፡30። መ/ቤት።

መጨረሻው ዛሬ ነው፣ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ገነት ሦስት ጊዜ መጣች። ላክሽ? ልትልኪ ነው? እብድ ነሽ እንዴ? አሮጊቷ ሐረር ሄደው ግድግዳ አያዩ አለችኝ። እውነቷን ነው። አያዩም። ማንም አያውቅም።

ፎቶው ኮምፒውተሩ ላይ ተከፍቷል። አሻራዬ ያለባት ቁራጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ። እጃቸው አሁንም ይመጣል። አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው የሚቀረው። ሐረር፣ ነጭ ግድግዳ፣ ጠባብ መንገድ፣ እኔ መሐሉ። እውነቴን ነው፣ ልልከው ነበር።

10፡50። ቁራጯን ቀደድኳት። አራት ቦታ፣ ከዚያ ስምንት ቦታ።

11፡00። አለፈ።

11፡05። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ሐረርን እንደሞተ ዘመድ አለቀስኩለት። ፊቴን ታጥቤ በዚያው አለቃ ቢሮ ገባሁና የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ። በሰባት ዓመት ወስጄ የማላውቀውን። ከሰኞ ጀምሮ አምስት ቀን። የት ልትሄጂ ነው አለኝ። “ወዴት” የሚለውን መሙላት ሥራዬ ነው፣ የራሴን ግን ባዶ ትቼ አስፈረምኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22። ቀትር። ኮረብታው ላይ።

አሁን እየጻፍኩልህ እማማ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ናቸው። እስከ ኮረብታው ግርጌ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር። አንድ እጃቸው ከዘራው ላይ፣ አንዱ ክንዴ ላይ። በየሃያ እርምጃው ቆመን። አፈሩ እውነትም ቀይ ነው፣ ጫማዬ ላይ ተለጥፏል። በየቀኑ የሰው ጎማ የማነብ ሴትዮ የገዛ ጫማዬን አላየሁም ነበር።

ከታች ፎቆቹ በጭጋጉ ውስጥ እንደ ዳማ ጠጠር ተደርድረዋል። በመሐላቸው መንገዱ ወደ ደቡብ ይሄዳል፣ መኪኖቹ ይጎተታሉ፣ ድምፅ የላቸውም። እማማ በከዘራቸው ያሳዩኛል፦ እዚያ ጤፍ፣ እዚያ ሽምብራ፣ ያ ሰማያዊ ጣሪያ ያለበት ጋ አሮጌ ሾላ። እኔ አየዋለሁ። በአምላክ፣ አየሁት። ፎቁ ሳሳ፣ ሾላው መጣ።

በኋላ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ከዘራውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ፣ ዞር ብለው፦

“አንሺኝ።”

ካሜራዬን ሣሩ ላይ ወርውሬ ዘለልኩ። ሁለት እጄን ብብታቸው ሥር ከተትኩ። ደግፌ ላነሳቸው ስል በከዘራው ጭኔን ቸብ! “ምን ሆንሽ? በካሜራው ነው እንጂ! መች ደከመኝ!”

ሣር ላይ ተንከባለልኩ በሳቅ። እሳቸውም ድዳቸው እስኪታይ። አንድ ጊዜ ብቻ አነሳኋቸው። እጃቸው ከዘራው ላይ፣ ማሳቸው ከኋላቸው። ይሄ ይታይ አሉ፣ ይሄን ለፈለግሽው አሳዪ።

ከዚያ ደግሞ፦ “አንቺንስ ማን ያንሳሽ?”

በካሜራው ማለታቸው ይሁን በእጅ አላወቅሁም። አልጠየቅሁም። ካሜራውን ከእጄ ወስደው ዓይናቸው ላይ ደቀኑ፣ የቱን ልጫን እያሉ። ግንባሬ ተቆርጧል፣ የቀረው ሁሉ ሰማይ። ከልጅነቴ ወዲህ ማንም እንዲህ ደስ ብሎኝ አላነሳኝም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። ንጋት 11፡50። ቃሊቲ መናኸሪያ።

ከውስጥ ነው የምጽፍልህ። ከውስጥ! የዲላ አውቶቡስ፣ መስኮት ዳር። የሚሸኘኝ የለም፣ ገነት ብቻ እብድ ብላ መልእክት ልካልኛለች፣ ከሥሩም ስትደርሺ ደውዪ። ያ የአስፋልቱ ፎቶ መሐል ገጽህ ላይ ነው፣ በደንብ ያዘው፣ ለማንም አታሳይ። እማማ ዕቃ አላዘዙኝም። ከሐዋሳ ወዲያ ያለው አፈር ምን ዓይነት እንደሆነ አንስተሽ አምጪልኝ ብቻ አሉኝ። የቱን ማንሳት? አልኳቸው። ሁለቱንም አሉ። ባዶ ቢልቃጥ ይዣለሁ።

ጉም ነው ዛሬም። ከመስኮቱ ውጭ ጥጌ ይታየኛል፣ ሻይ የማስቀምጥበት ድንጋይ። ባዶውን ነው። አነሳሁት። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ምን አይተሽ ነው ድንጋይ የምታነሺው ይሉኛል። የማውቃት ሰው እዚያ ትቀመጥ ነበር አልኳቸው።

ሹፌሩ ገባ። ሞተሩን አስነሳ። ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጽሑፌን ቻለው፣ ደብተሬ፣ ተነሳን፣ ተነ